ከጦሳ ግርጌ 31 ጉቶ፦ በሚኒ ኤክስካቫተር የባሕር ዛፍ ጉቶ የማንሣት ሥራ የጉዳይ ጥናት

ይህ የጉዳይ ጥናት በደሴ ከተማ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ በሚገኝ አንድ ተዳፋት ግቢ ውስጥ፣ በ2015 ዓ.ም. የበልግ መግቢያ ላይ የተከናወነን የጉቶ ማንሣት ሥራ ይመለከታል። እኔ በሥራው ላይ የተገኘሁት፣ ባለቤቱ በቦታው ሊሠሩት ላሰቡት ባለ አንድ ፎቅ ቤት የመሠረቱን ሥራ እንድቆጣጠር የቀጠሩኝ መሐንዲስ በመሆኔ ነው። ሥራውን በዝርዝር እንድመዘግብ ያነሣሣኝ አንድ ልዩነት ነው፤ ያው ሚኒ ኤክስካቫተር (አነስተኛ መቆፈሪያ ማሽን)፣ በያው ኦፕሬተር እጅ፣ በዚያው አፈር ላይ በመጀመሪያው ቀን 2 ጉቶ ብቻ ሲያወጣ በሦስተኛው ቀን 9 አወጣ። በመካከሉ የተለወጠው በክንዱ ጫፍ የታሰረው ብረትና ማሽኑ የቆመበት ቦታ ነበር።

ቦታውና ዛፎቹ

ግቢው 600 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፣ ማለትም ከተራራው ወደ ከተማው ያዘቀዝቃል። ከላይኛው አጥር እስከ ታችኛው በር ባለው 30 ሜትር ርዝመት ውስጥ መሬቱ 5 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በላይኛው ወሰን የጎረቤት የድንጋይ ድጋፍ ግንብ አለ፤ ከግንቡ ጀርባ ደግሞ የጎረቤት ቤት ይገኛል። አፈሩ ከጦሳ በኩል በዘመናት ተንከባሎና ታጥቦ የወረደ ቡናማ ሸክላ ሲሆን፣ ከጭንቅላት የሚበልጡ ጥቋቁር የባዛልት ድንጋዮች በየቦታው ተሰግስገውበታል። የደሴን ተዳፋቶች የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለው አፈር ሲደርቅ እንደ ጡብ እንደሚጠነክር፣ በክረምት ውኃ ሲጠግብ ደግሞ ከሥሩ ካለው አለት ላይ ለመንሸራተት እንደሚቀና ያውቃል።

በግቢው ውስጥ 44 ጉቶዎች ነበሩ። ከእነዚህ 41ዱ የነጭ ባሕር ዛፍ፣ 3ቱ የጽድ ጉቶዎች ናቸው። ባሕር ዛፍ ስሙ እንደሚነግረን ከባሕር ማዶ፣ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ የደጋ ከተሞቻችንን የማገዶና የግንባታ እንጨት ችግር ያቃለለውም ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው እንደገና የሚያቆጠቁጥ በመሆኑ ነው። ይህ ለቋሚ፣ ለማገርና ለአጠና ሻጭ በረከት የሆነ ጠባይ ጉቶውን ሊያወጣ ለተነሣ ሰው ትልቅ ፈተና ይሆናል። የዚህ ግቢ ዛፎች በባለቤቱ አባት የተተከሉና ከሦስት ጊዜ በላይ የተቆረጡ ስለነበሩ፣ ከመሬት በላይ የሚታየው ግንድ 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆንም ከመሬት በታች ያለው እንጨት በየቆረጣው እየወፈረና እየሰፋ ሄዶ አንዳንዱ ከአንድ ሜትር በላይ ስፋት ያለው እብጠት ሆኖ ነበር። ከላይ በሚታየው መጠን ብቻ ሥራውን የገመተ ሰው ግምቱ የሚፋለስበት የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አቆራረጡ ነው። ዛፎቹን የገዛው ነጋዴ እያንዳንዷን የእንጨት ጋት ለመጠቀም ሲል ግንዶቹን ከመሬት እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ድረስ ዝቅ አድርጎ አስቆረጣቸው። ዛፉ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ለሚፈልግ ሰው ይህ ትክክለኛ አቆራረጥ ነው። ጉቶውን ሊነቅል ላሰበ ሰው ግን ያ ግንድ ማንሻ ነው፤ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ቆሞ ቢተው ኖሮ ማሽኑ ከላይ ጫፉን ገፍቶ ሥሩን በራሱ ግንድ ርዝመት ሊያላቅቀው ይችል ነበር። እኔ በሥራው ላይ የደረስሁት ዛፎቹ ከተቆረጡ በኋላ ስለሆነ ይህንን ማስቀረት አልቻልሁም፤ ሆኖም ከዚህ ሥራ ከተማርኋቸው ነገሮች ሁሉ ገንዘብ ሳያስወጣ ብዙ የሚያድነው ይኸው መሆኑን ደጋግሜ ለመናገር እወዳለሁ።

በእጅ የተሞከረው

ባለቤቱ በጥር ወር አራት የቀን ሠራተኞች ቀጥረው ሥራውን በዶማ፣ በድጅኖና በፋስ አስጀምረው ነበር። ሠራተኞቹ በ6 ቀናት ውስጥ 4 ጉቶዎችን አወጡ። አፈሩ በበጋው ደርቆ ስለነበር ዶማው ይነጥር ነበር፤ ፋሱም ሥር ለመቁረጥ ሲወርድ ከሥሩ ጋር የተጣበቀውን ድንጋይ እየመታ ይሸረፍ ነበር። የሰዎቹ ትጋት የሚነቀፍ አልነበረም፤ ነገር ግን በዚያ ፍጥነት የቀሩትን 40 ጉቶዎች ለማውጣት ሁለት ወር ያስፈልግ ነበር፤ ያ ደግሞ የመሠረቱን ሥራ ወደ ክረምት መግቢያ ይገፋዋል። ጉቶዎቹን በእሳት ለማቃጠልና የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለማፍሰስም ምክር ተሰጥቶ ነበር። የመጀመሪያው ከጎረቤት አጥር አጠገብ የማይሞከር፣ ሁለተኛው አፈሩንና ከታች ያለውን የጉድጓድ ውኃ የሚበክል በመሆኑ ሁለቱንም ተቃወምሁ፤ ባለቤቱም ተቀበሉኝ።

የማሽኑ ምርጫ

ወደ ግቢው የሚያስገባው መንገድ በድንጋይ የተነጠፈ ሲሆን በጠባቡ ቦታ ላይ ስፋቱ 2.40 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ለመንገድ ሥራ የሚያገለግለው 20 ቶን ኤክስካቫተርም ሆነ ባለ ጎማ ሎደር የሚታሰብ አልነበረም። ከኮምቦልቻ 3.5 ቶን የሚመዝን፣ 1.70 ሜትር ስፋት ያለው፣ የጎማ ትራክ (ሰንሰለታማ እግር) የተገጠመለት ሚኒ ኤክስካቫተር በሰዓት ሂሳብ ተከራየን። ማሽኑ በጭነት መኪና ተጭኖ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ደረሰ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የከፍታው ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ።

ይህ ልዩነት በሥራው ላይ ስለታየ ጥቂት ልበልበት። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአምስት አንድ ያህል ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው አነስተኛ የናፍጣ ሞተር በዚያው መጠን ጉልበቱ ይቀንሳል። ኦፕሬተሩ በመጀመሪያው ሰዓት ላይ ሞተሩ ቶሎ ቶሎ እንደሚደክምበት ሲናገር ምክንያቱ ይህ ነበር። ነገር ግን የባኬቱ፣ ማለትም በክንዱ ጫፍ ያለው መቆፈሪያ፣ የመፈልቀቅ ኃይል የሚወሰነው በሃይድሮሊኩ (ክንዱን በሚያንቀሳቅሰው ዘይት) ግፊት ስለሆነ በከፍታው ምክንያት አይቀንስም፤ የሚቀንሰው የእንቅስቃሴው ፍጥነት ነው። ሥርን ፈልቅቆ መሳብ ለአፍታ የሚሠራ ኃይልን ስለሚጠይቅ በደሴም በኮምቦልቻም ያው ነው። ጉቶውን እየፈጨ የሚያደቅቀው መሣሪያ ግን ያለማቋረጥ የሚሽከረከር ሞተር ስላለው የማያቋርጥ ጉልበት ይፈልጋል፤ በደጋ ከተማ ላይ በትንሽ ማሽን ሲሠራ መድከሙ ጎልቶ የሚታየው በእርሱ ነው።

ከማሽኑ ጋር የመጡት አታችመንቶች፣ ማለትም በክንዱ ጫፍ የሚታሰሩት መሣሪያዎች፣ ሦስት ነበሩ፤ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ባለ ጥርስ ባኬት፣ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥርስ አልባ የማስተካከያ ባኬት፣ እና የአለት መስበሪያ ጃክ ሃመር። ሪፐር፣ ማለትም እንደ ማረሻ ያለ አንድ ብርቱ ጥርስ ብቻ ያለው መንቀያ፣ የማሽኑ ባለቤት እንዳለው ተናግሮ ነበር። ነገር ግን «ለጉቶ ባኬቱ ይበቃል» ስለተባለ አልተጫነም። እኔም ይህንን ሰምቼ ዝም አልሁ። የመጀመሪያው ቀን ጉዳት የመጣው ከዚህ ዝምታ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት

ሥራው የተጀመረው የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ ጥሎ አፈሩ ከራሰ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ይህን ጊዜ የመረጥነው አስበንበት ሲሆን ውሳኔው ትክክል ነበር፤ እርጥበቱ ወደ ግማሽ ሜትር ያህል ወርዶ ሸክላውን አለስልሶታል፤ ነገር ግን ትራኩ የሚሰምጥበት ጭቃ ገና አልሆነም።

ኦፕሬተሩ ማሽኑን ከጉቶው በታች፣ በቁልቁለቱ በኩል አቁሞ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ በጠባቡ ባኬት ይቆፍር ጀመር። የባኬቱ አራት ጥርሶች ወፍራም ሥር ላይ ሲያርፉ ኃይሉ ለአራት ይከፋፈላል፤ ሥሩም በባኬቱ አፍ ላይ እንደ መቀርቀሪያ ተጋድሞ ይይዘዋል። ክንዱ ተዘርግቶ ስለሚስብ የትራኮቹ ኋላ ከመሬት እየተነሣ ማሽኑ በአፍንጫው ይደፋ ነበር። ጉቶው አልነቃነቅ ሲል የሃይድሮሊኩ ግፊት እስከ መጨረሻው ወጥቶ ዘይቱ ከልክ ያለፈ ግፊትን በሚያስተነፍሰው ሪሊፍ ቫልቭ በኩል እየጮኸ ይመለሳል፤ ይህ ድምፅ ሲደጋገም ዘይቱ ከመጠን በላይ እየሞቀ መሆኑን ማወቅ ይገባል። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ጉቶው እምቢ ሲል ኦፕሬተሩ የማሽኑን የላይኛውን አካል ወደ ጎን እያዞረ በባኬቱ ጎን ጉቶውን ይመታ ጀመር። ቡሙ (ከማሽኑ ጋር የተያያዘው ዋናው ክንድ) እና ክንዱ የተሠሩት ወደ ማሽኑ ለሚስብ ኃይል እንጂ ለጎን ግፊት አይደለም፤ የማዞሪያው ጥርሶችም ለዚህ አልተሠሩም። አስቆምሁት፤ ነገር ግን ዘግይቼ ነበር። በቀኑ መጨረሻ ላይ በ6 የሥራ ሰዓት 2 ጉቶ ወጥቶ፣ ባኬቱ በፒን የሚያያዝበት ጆሮ ብየዳ ላይ የጣት ርዝመት ስንጥቅ ታየ።

በዚያች ምሽት የግቢው ባለቤት በጣም አዝነው ነበር። ኦፕሬተሩ ወጣት ቢሆንም ሥራውን የሚወድ፣ ጥፋቱንም ያልካደ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ አብሽሩ፤ ሪፐሩ ይምጣልን እንጂ አፈሩስ ለስልሷል፤ ይወጣል» አላቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ እኔን የጨነቀኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ማሽኑ ተገልብጦ አንተ እንዳትጎዳብኝ ነው» አሉት። ይህ ንግግር ከዚያ በኋላ ለነበረው አሠራር መነሻ ሆነ፤ ማሽኑ በተዳፋቱ ላይ እንዴት መቆም እንዳለበት ሦስታችን ተቀምጠን የተነጋገርነው በዚያች ምሽት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ባኬቱ ከተማ ውስጥ ባለ ብየዳ ቤት ተበየደ፤ ሪፐሩም እኩለ ቀን ላይ በፒክአፕ ከኮምቦልቻ ደረሰ። በቀሩት 4 ሰዓታት 3 ጉቶዎች ወጡ።

ሪፐሩ የለወጠው ነገር

የዚህ መጠን ማሽን በባኬቱ ጫፍ ላይ የሚያሳርፈው የመፈልቀቅ ኃይል 30 ኪሎ ኒውተን ገደማ ነው፤ ይህም 3 ቶን የሚመዝን ነገር በአንድ ነጥብ ላይ እንደሚጫነው ማለት ነው። ሪፐሩ ይህንን ኃይል አይጨምርም። የሚያደርገው ሳይከፋፍል በአንድ ጥርስ ላይ ማሳረፍ ነው። ጥርሱ በሁለት ሥሮች መካከል ሰተት ብሎ ይገባል፣ አፈሩና ድንጋዩ በግራና በቀኝ ይፈስሳሉ፣ ከዚያም አንዱን ሥር ለብቻው ከሥር ይዞ ወደ ላይ ሲስበው ሥሩ ይሰነጠቅና ይበጠሳል። ባኬት ግን ሥሩን ከነአፈሩ፣ ከነድንጋዩና ከጎረቤት ሥሮቹ ጋር በአንድነት ሊያነሣ ስለሚታገል ሁሉም ተባብረው ያሸንፉታል።

የባሕር ዛፍ ሥር አቀማመጥም ለዚህ አሠራር ይመቻል። ጉቶውን አንቀው የሚይዙት ወፋፍራም የጎን ሥሮች በብዛት የሚገኙት በላይኛው ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ባለው አፈር ውስጥ ነው። ወደ ታች ጠልቀው የሚሄዱ ሥሮች ቢኖሩም የጎኖቹ ከተቆረጡ በኋላ ጉቶው እየተነቃነቀ ስለሚያደክማቸው አብዛኞቹ ይበጠሳሉ። እኛም ከጉቶው ዙሪያ፣ የጉቶውን ውፍረት አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ርቀን በሪፐሩ ቀለበት እንቆርጥ ጀመር። ከዚህ ቀርቦ የጀመረ ሰው የሚያጋጥመው ሥር ሳይሆን የጉቶው እብጠት ራሱ ነው፤ ከዚህ ርቆ የጀመረ ደግሞ ያለ ጥቅም ሰፊ ጉድጓድ ይከፍታል።

የማሽኑ አቋቋም የተለወጠው በሚከተለው መንገድ ነው። ከእያንዳንዱ ጉቶ በላይ፣ በተራራው በኩል፣ ለማሽኑ የሚበቃ ጠፍጣፋ መደብ በባኬቱ እናስተካክላለን። ማሽኑ በመደቡ ላይ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ ይቆማል፤ ትራኮቹ ሁልጊዜ ሽቅብና ቁልቁል ይዘረጋሉ እንጂ ተዳፋቱን አቋርጠው አይቆሙም። የፊት ብሌዱ (አፈር መግፊያው ብረት) በማሽኑና በጉቶው መካከል ወርዶ መሬት ውስጥ ይነክሳል፤ ስለዚህ ክንዱ ሲስብ ማሽኑ ወደ ጉቶው አይንሸራተትም፣ በአፍንጫውም አይደፋም። በመጀመሪያ የሚቆረጡት በላይ በኩል ያሉት ሥሮች ናቸው፤ በተዳፋት ላይ ያደገ ዛፍ ብርቱ መልሕቁ በዚያ በኩል ነውና። ከዚያ ግራና ቀኙ ይከተላል። በመጨረሻ ሪፐሩ ጉቶውን ተሻግሮ፣ አፈሩ ዝቅ በሚልበት በታችኛው በኩል ገብቶ ጉቶውን ከሥሩ ይዞ ወደ ማሽኑ ይጠቀልለዋል። ክንዱ ታጥፎ ወደ ማሽኑ በቀረበ መጠን ማሽኑ የተደላደለና ብርቱ ይሆናል። ማሽኑ ከላይ በመሆኑም የተነቀለ ጉቶ ቢንከባለል እንኳ የሚሄደው ከማሽኑ ርቆ ነው፤ ለዚህም ሲባል በታች በኩል ሰው እንዳይቆም ተደርጎ ነበር።

በሦስተኛው ቀን በ7 ሰዓት ተኩል 9 ጉቶዎች፣ በአራተኛው ቀን በ8 ሰዓት 10 ጉቶዎች ወጡ። መደብ ማስተካከሉንና ከጉቶ ወደ ጉቶ መሄዱን ጨምሮ ለአንድ ጉቶ የፈጀው ጊዜ በአማካይ ከአንድ ሰዓት በታች ወረደ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የተወጠረ የክንድ ውፍረት ያለው ሥር ድንገት ተበጥሶ እንደ ጅራፍ ተወርውሮ የረዳቱን ቅልጥም መታው። አጥንቱ አልተጎዳም፤ ቢሆንም ለሁለት ቀን አነከሰ። ከዚያ በኋላ ሪፐሩ ሥር ይዞ ባለበት ጊዜ ማንም ሰው ከ8 ሜትር በቅርብ እንዳይገኝ ወሰንን። ይህንን ከመጀመሪያው ቀን ማዘዝ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ።

የጽዱ ጉቶና ያልሠራው ጃክ ሃመር

ከሦስቱ የጽድ ጉቶዎች ትልቁ 90 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ነበረው። ሪፐሩ ዙሪያውን ከቆረጠ በኋላ እንኳ ማሽኑ ሊያነሣው አልቻለም። በጃክ ሃመሩ ለመሰንጠቅ የተደረገው ሙከራ ብዙም አልዘለቀም። ጃክ ሃመር የተሠራው ለሚሰበር ነገር ነው፤ እንጨት ግን አይሰበርም፣ ምቱን ይውጣል። ሹሉ በጽዱ ውስጥ ገብቶ ተቀረቀረ፤ ሲላቀቅም ባዶውን ሊመታ ስለሚችል መሣሪያውን ራሱን የሚጎዳ ነው። መፍትሔው ቀላልና የቆየ ሆነ። የጉቶው ዙሪያ ተጠርጎ አፈሩና ጠጠሩ ከተነሣ በኋላ በሞተር መጋዝ በመስቀል ቅርጽ ተሰነጠቀ፣ የብረት ሽብልቅ ገባበት፣ አራቱ ክፍሎችም አንድ በአንድ በሪፐሩ ተነቀሉ። መጥረጉን ችላ ያለ ሰው የመጋዙን ሰንሰለት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያደንዘዋል።

ጉቶ መፍጫ አታችመንት በአካባቢው ለኪራይ አላገኘንም። ቢገኝም ለዚህ ቦታ አልመርጠውም ነበር። መፍጫው ጉቶውን ከመሬት በታች 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያደቅቃል እንጂ ሥሩን አያወጣም፤ አትክልት ለሚተከልበት ወይም ድንጋይ ለሚነጠፍበት ግቢ ይበቃል። ለመሠረት ግን የቀረው ሥር በስብሶ ባዶ ቦታ ይተዋል። በተጨማሪም ጥርሶቹ በባዛልት ድንጋይ ላይ ሲያርፉ ቶሎ ያልቃሉ፤ የጦሳ አፈር ደግሞ ድንጋይ ያልጎደለበት ነው።

እንዲቆሙ የተወሰነላቸው 9 ጉቶዎች

በዚህ ሥራ ውስጥ ብዙ ያስጨነቀኝ ያነሣነው ሳይሆን ያላነሣነው ነው። በላይኛው ወሰን፣ ከጎረቤት ድጋፍ ግንብ ከ1 እስከ 3 ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ 9 የባሕር ዛፍ ጉቶዎች በረድፍ ነበሩ። ባለቤቱ ሁሉም እንዲወጡ ይፈልጉ ነበር። ሥጋታቸው መሠረት የለሽ አልነበረም፤ የባሕር ዛፍ ሥር ወደ ፍሳሽ ጉድጓድና ወደ ቧንቧ መገጣጠሚያ ውኃ ፍለጋ እንደሚገባ በሌላ ቤት አይተዋል።

እኔ ግን እንዲህ ያለውን አፈር በተዳፋት ላይ አስሮ የሚይዘው የሥሩ መረብ ነው የሚል እምነት አለኝ። ደሴ በክረምት የመሬት መንሸራተት የሚያሠጋት ከተማ መሆኗን ነዋሪዋ ሁሉ ያውቀዋል። ዘጠኙን ጉቶዎች ስንነቅል በግንቡ እግር ሥር ዘጠኝ ጉድጓድ እንከፍታለን፤ ከዚያም ከጥቂት ወራት በኋላ ክረምት ይገባል። ገድሎ መተውም መፍትሔ አይደለም፤ የሞተ ሥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየበሰበሰ አፈር የመያዝ አቅሙን ያጣል፤ አደጋው ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ስለዚህ ጉቶዎቹ በሕይወት እንዲቆዩ፣ ከእያንዳንዱም ሁለት ቡቃያ ብቻ ተትቶ ሌላው እንዲመለመል፣ ቡቃያዎቹም ከፍ ብለው በነፋስ ግንቡን ሳይጫኑ በየሁለት ዓመቱ እንዲቆረጡ ሐሳብ አቀረብሁ። የፍሳሽ ጉድጓዱን ቦታ ከላይኛው ወሰን ወደ ታችኛው ጥግ አዛወርነው። ባለቤቱ አንድ ቀን አስበውበት፣ ከላይ ያሉትን ጎረቤታቸውንም አማክረው ተስማሙ።

ጉድጓዱን መሙላት

በአምስተኛው ቀን የመጨረሻዎቹ 7 ጉቶዎች ወጥተው የተነቀሉት 31 ሲሞሉ ብዙ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ለቤት መሠረት ግን እውነተኛው ጥንቃቄ የሚጀምረው እዚህ ነው። ጉድጓዶቹ እስከ 1.20 ሜትር ጥልቀትና እስከ 2 ሜትር ስፋት ነበራቸው። የወጣውን አፈር ከነሥሩ መልሶ መደልደል ቀላል ቢሆንም፣ ሥሩ ሲበሰብስና ላላው አፈር በክረምት ውኃ ሲጠጣ ከላይ ያለውን ይዞ ይወርዳል።

የመሠረት እግር የሚያርፍባቸውን 6 ጉድጓዶች ያልተነካ ጠንካራ አፈር እስኪገኝ ድረስ አስጠልቀን በድንጋይና በኮንክሪት ሞላናቸው። የቤቱ ወለል የሚያርፍባቸውን ደግሞ ከውጭ በመጣ ሰሌክት (ለሙሌት የተመረጠ) አፈር፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየተደለደለና በኮምፓክተር እየተጠቀጠቀ ሞላን። ሚኒ ኤክስካቫተሩ ለዚህ ሥራ በሰፊው ባኬት ተጨማሪ ሁለት ቀን፣ 9 ሰዓት ሠራ፤ የጠቅላላ ሥራው ሰዓት 42 ሆነ። ለመኪና መግቢያ ብቻ የሚያገለግሉትን 5 ጉድጓዶች ግን ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል በወጣው አፈር ሞልተን በማሽኑ ትራክ ብቻ ጠቀጠቅናቸው።

የተነቀሉት ጉቶዎች ከአፈራቸው እስኪለዩ ለአንድ ሳምንት በዝናብ ታጥበው ከቆዩ በኋላ ተፈልጠው ለሰፈሩ ቅሬ (ዕድር) ተሰጡ። የቅሬው ኃላፊዎች መጥተው በጋሪ ሲያግዙት፣ የባለቤቱ እናት የዛፎቹን አተካከል እያነሡ ሲመርቁ መስማቴን አስታውሳለሁ።

ከአንድ ክረምት በኋላ

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ቦታውን ተመልሼ ለካሁት። የቤቱ መሠረትም ወለሉም አንዳች ስንጥቅ አላሳዩም። በመኪና መግቢያው ላይ ካሉት አምስት ጉድጓዶች መካከል ሁለቱ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርደው ውኃ ቋጥረዋል፤ ተቆፍረው በሰሌክት እንደገና ተሞሉ። ስለዚህ በዚያ የቆጠብነው ግማሽ ቀን በመጨረሻ አንድ ሙሉ ቀን አስከፈለን። ተሰብሮ በአፈር ውስጥ ከቀረ የጉቶ ቁራጭ ሁለት የባሕር ዛፍ ቡቃያዎች በግቢው መካከል ወጥተው ስለነበር በእጅ ተቆፍረው ተነቀሉ። የላይኛው ግንብ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ዘጠኙ ጉቶዎችም ከሰው ቁመት የበለጠ ቡቃያ አብቅለዋል።

በዚያው ቀን ከላይ ያሉት ጎረቤት በግቢያቸው የቆሙትን 14 ባሕር ዛፎች አስቆርጠው ጉቶውን ለማስነሣት እንዳሰቡ ነግረውኝ ምክር ጠየቁኝ። ለቆራጩ ግንዱን ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ አድርጎ እንዲተው አስቀድመው በውል እንዲያስሩት፣ ማሽን ሲከራዩም ሪፐሩ አብሮ ካልተጫነ እንዳይቀበሉ፣ ከድጋፉ ግንብ በላይ ያሉትን አራቱን ደግሞ ጨርሶ እንዳይነኩ ነገርኋቸው። ለአራቱ ዛፎች በግንዳቸው ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አድርገንባቸው ተለያየን።